ሰፈሩ ሲነሣ ስምምነቱ ከማን ጋር ነው?

አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ካዛንቺስ ውስጥ ለሦስት ዓመት የሚቆይ የእናቶችና የሕፃናት ፕሮጀክት ነበረው እንበል። ስምምነቱ ላይ የቢሮዎቹ ፊርማና ማኅተም አለ፤ ወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ጽፏል፤ «ተጠቃሚዎች» በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ የቤተሰቦቹ ቁጥር ሰፍሯል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ደረሰ። በሠንጠረዡ ላይ ካሉት ቤተሰቦች ከፊሎቹ ወደ ገላን ጉራ፣ ከፊሎቹ ወደ ሌላ የከተማዋ ዳርቻ ተነሡ። ወረዳው ከነደብዳቤው አለ፤ ሰዎቹ የሉም። ታዲያ ይህ ድርጅት በሪፖርቱ ላይ «የማኅበረሰብ አጋራችን» እያለ የሚጽፈው ማንን ነው?

ምሳሌው የታሰበ ነው። ጥያቄው ግን በመሃል አዲስ አበባ የሚሠራ ድርጅት ሁሉ ደጅ ላይ የቆመ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ ከዚያ ካዛንቺስ፣ ከእነርሱ በፊትም በ2000ዎቹ ልደታ፣ ሰንጋ ተራ፣ አራት ኪሎ አጠገብ ደግሞ ባሻ ወልዴ ችሎት፤ ነባሮቹ ሰፈሮች በየተራ ተነሥተዋል። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። አብዛኛው የግብረ ሰናይ ድርጅቶች አጋርነት የታሰረው ከአድራሻ ጋር ነው። ከሰዎች ማኅበር ጋር፣ ያውም የራሱ ደንብ፣ የራሱ መዝገብና የራሱ ገንዘብ ካለው ማኅበር ጋር ቢታሰር ኖሮ፣ ሰፈሩ ሲነሣ አጋርነቱም ጓዙን ጠቅልሎ አብሮ ይሄድ ነበር። ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ለመሥራት ግን የለጋሾች ልማድ፣ የሕጉ ታሪክና የድርጅቶቹ የራሳቸው ምቾት መንገድ ላይ ተገትረዋል።

ከገንዘቡ እንጀምር፤ ድርጅቶቹ በዚህ ሁሉ ጉጉት ወደ ነዋሪው የዞሩት ለጋሹ ፊቱን ሲያዞር ነውና። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት አገደ። ብዙም ሳይቆይ የአገሪቱ የእርዳታ ኤጀንሲ የዩኤስኤአይዲ አብዛኞቹ ውሎች ተሰረዙ፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ኤጀንሲው የእርዳታ ሥራውን አቁሞ የቀረው ሥራ ወደ አገሪቱ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ የአሜሪካ እርዳታ ተቀባዮች ከቀዳሚዎቹ አንዷ ስለነበረች ምቱ ከባድ ነበር። ከእገዳው ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በብር የተያዘ በጀት ሁሉ የመግዛት አቅሙ ቀንሶ ነበር። «ዘላቂነት»፣ «የአካባቢ ሀብት ማሰባሰብ»፣ «የማኅበረሰብ ባለቤትነት» የሚሉት ሐረጎች በየዕቅዱ ላይ የበዙት ከዚህ በኋላ ነው። በሐረጎቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ገንዘቡ በነበረበት ዘመን ያልተማከረ ነዋሪ ገንዘቡ ሲያልቅ «ባለቤቱ አንተ ነህ» ቢባል ለምን እንደማይደሰት ግን ለመረዳት አያዳግትም።

ሕጉም የራሱ ድርሻ አለው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነትና በመሳሰሉት ጉዳዮች ላይ መሥራት አይችልም ነበር። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ 30 በመቶ ሲሆን፣ ማስፈጸሚያ መመሪያው ደግሞ ለሥልጠና፣ ለትራንስፖርትና ለክትትል የሚወጡ ብዙ ወጪዎችን በአስተዳደር ስም ይቆጥራቸው ነበር። ከነዋሪ ጋር መተዋወቅ ማለት ደግሞ በአብዛኛው መመላለስ፣ መቀመጥ፣ ማዳመጥ፣ እንደገና መመላለስ ነው። ይህ ሁሉ ከጣሪያው ላይ የሚቀነስ ወጪ ሆነ። ዱቄት ማከፋፈል ፕሮግራም ነው፤ ዱቄቱ ይፈለግ እንደሆነ ለመጠየቅ መሄድ አስተዳደር ነው። በዚህ ስሌት ያደገ ባለሙያ ጥያቄ መጠየቅን እንደ ብክነት ቢቆጥር አይፈረድበትም።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ቀይሮታል። የ10 በመቶው ገደብ ቀርቷል፤ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ቢወርድም ትርጉሙ ጠቧል፤ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ወጪ በአስተዳደር አይቆጠርም። ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩም ተፈቅዷል። ልማዱ ግን ከሕጉ ይበልጥ ዕድሜው ረዘመ። ዛሬም ብዙ የበጀት ሠንጠረዦች የሚዘጋጁት አሮጌው መመሪያ ገና በሥራ ላይ እንዳለ አድርገው ነው።

ልማዱን በቅርበት ለማየት አጋርነት የሚመሠረትበትን የተለመደ ስብሰባ እንከታተል። ድርጅቱ ለወረዳው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ወረዳው በየቀጠናው ላሉ ተወካዮች ይደውላል። በአዳራሹ ባነር ይሰቀላል፤ በባነሩ ላይ የለጋሹ ዓርማ ከሁሉ ይገዝፋል። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የመመዝገቢያ ቅጽ፤ ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ፊርማ። መድረክ መሪው ስለ ሃምሳ ሎሚ ይተርታል፤ ይህን ተረት ያልሰማ የስብሰባ አዳራሽ በአዲስ አበባ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከሻይ በኋላ «ሐሳብ፣ አስተያየት» ይባላል። ከፊት የተቀመጡ አዛውንቶች ፕሮጀክቱን ያመሰግናሉ፤ «በርቱ» ይላሉ። ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ የጋራ መጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ትጠይቃለች። «እሱ በሌላ ፕሮጀክት የሚታይ ነው» ትባላለች። ኮሚቴ በእጅ ብልጫ ይመረጣል፤ የትራንስፖርት አበል ተፈርሞ ይወሰዳል።

በዚያ አዳራሽ ስለ አጋርነት የተነሣው ብቸኛ ጥያቄ የሴቲቱ ነበር። በቀበሌ ቤቶች ጊቢ ውስጥ የጋራ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ጉዳይ ተራ ነገር አይደለም። ቁልፉ ማን ዘንድ አለ ማለት፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ለመምጠጫ መኪና ማን ያዋጣል፣ ያላዋጣው ይከለከላል ወይ፣ የተከራዩ ልጆች በማን ቁልፍ ይገባሉ ማለት ነው። ደንብ፣ መዋጮ፣ ቅጣትና ምሕረት በአንድ ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልለዋል። ያንን ክር የሚስብ የመስክ ሠራተኛ የጊቢውን ሥርዓት በአንድ ሳምንት ያውቀዋል። ያልሳበው ደግሞ በኮሚቴው ይተማመናል። የኮሚቴው ሊቀመንበር ግን በሴፍቲኔት ምልመላም፣ በጤናም፣ በጸጥታም፣ በትምህርት ቤቱ ወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረትም ውስጥ ያሉት ያው ሰው ናቸው። ቅንና ታታሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ማኅበረሰብ ግን አይደሉም።

ታዲያ ማኅበረሰቡ የት ይገኛል? ለዚህ መልሱ ከ1990ዎቹ ወዲህ ይታወቃል። ኤች አይ ቪ ኤድስ ከተማዋን ባጠቃበት ዘመን ጉዳቱ አስቀድሞ ከተሰማባቸው ቦታዎች አንዱ የእድር ካዝና ነበር። እድር የሚቆመው በወር ከሚዋጣው ገንዘብ ለቀብር የሚወጣው እንደማይበልጥ በመተማመን ነው። ወጣቶች በላይ በላዩ ሲሞቱ ይህ ስሌት ተናጋ። ብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አውጥተው እንደገና ተወያዩበት፤ አባል ከሞተ በኋላ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳለ፣ ታሞ ሳለ፣ ልጆቹም ወላጅ አልባ ሲሆኑ መርዳትን በደንባቸው አስገቡ። ግብረ ሰናይ ድርጅቶች የቤት ለቤት እንክብካቤን ይዘው ሲመጡ ሥራው የተሳካላቸው ወደ እነዚህ እድሮች የሄዱት ነበሩ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሕመሙ በሚደበቅበት ጊዜ በየትኛው ቤት ማን እንደተኛ የሚያውቀው፣ በሩን ሲያንኳኳም የማይጠረጠረው እድሩ ነበር። የመጠየቅ ግዴታ ድሮውንም አለበት።

ከዚያ ልምድ ድርጅቶቹ የወሰዱት ትምህርት ግን ግማሽ ነው። «እድር ጥሩ የማስፈጸሚያ መንገድ ነው» ብለው ተማሩ። መልእክት ለማድረስ እድር፣ ሰው ለመሰብሰብ እድር፣ የተጠቃሚ ዝርዝር ለማግኘት እድር። ለፋፊውን በጡሩምባው፣ ጸሐፊውን በመዝገቡ ፈለጓቸው። እድሩ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ጉባኤ፣ ደንቡን ራሱ እንዳሻሻለ ግን ረሱት። ወሳኙ ነገር እርሱ ነበር።

መሃል ከተማው ሌላም የሚያስተምር ታሪክ አለው። ሲስተር ጀምበር ተፈራ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመሩት የሰፈር ማሻሻያ ሥራ የቤት ጥገናን፣ መጸዳጃንና ኩሽናን፣ የጤና ክትትልንና የነዋሪውን አደረጃጀት ተነጣጥለው እንደማይታዩ አንድ ጉዳይ የያዘ ነበር። ዛሬ ብርቅ የሚመስለው ነገር ሥራው በዚያው ሰፈር የፈጀው ጊዜ ነው። የሦስት ዓመት ፕሮጀክት አልነበረም። በሌላ በኩል በ1960ዎቹ የተመሠረተው ሆፕ ኢንተርፕራይዝ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ለረጅም ዘመን የሠራበት የምግብ ኩፖን አለ። መንገደኛው ኩፖኑን ይገዛል፤ ለለማኙ በገንዘብ ፋንታ ይሰጠዋል፤ ለማኙ ሄዶ ይመገብበታል። ስብሰባ የለ፣ ኮሚቴ የለ፣ መንገደኛው ግን በየቀኑ አጋር ነው። ከጥናት ሰነዶች ሁሉ ይህን ኩፖን የምመርጥበት ቀን ብዙ ነው።

ከሁለቱ የተለየ መንገድ የሄደው የትምህርት ቤት ምገባ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባው በእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር ተጀምሮ በ2012 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ በራሱ በጀት ወደ መንግሥት የቅድመ መደበኛና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሰፋው፤ እናቶችም ተደራጅተው ያበስላሉ። የድርጅት ሥራ ወደ መንግሥት አገልግሎት ሲሸጋገር ማየት ከሚመኙት ሁሉ የተሻለ ፍጻሜ ነው። ሆኖም ብዙ ድርጅቶች በዚህ ዓይነት ፍጻሜ ደስተኛ አይሆኑም፤ ስማቸው ከባነሩ ይወርዳልና።

አሁን ወደ መነሣቱ ጉዳይ እንመለስ፤ የዛሬው ችግር እርሱ ነው።

የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጁ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ከቀድሞዎቹ ሕጎች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ለንብረትና ለመሬት ከሚከፈለው በተጨማሪ፣ ተነሺው ማኅበራዊ ትስስሩ በመቋረጡ ለሚደርስበት ጉዳት ካሳ እንደሚገባው ሕጉ እውቅና ይሰጣል። በሕግ ታሪካችን ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ጎረቤትን ማጣት ዋጋ ያለው ጉዳት መሆኑን መንግሥት በጽሑፍ አምኗል። ካሳውን ግን የሚቀበለው ግለሰቡ ወይም ቤተሰቡ ነው። የተቋረጠው ነገር ደግሞ የማንም የግል ንብረት አልነበረም። ለአራት አሥርት ዓመታት በወር በወር ሲዋጣ የኖረ እድር ትስስር የሚባለው ነገር ራሱ ነው፤ ግን እንደ እድር ቀርቦ «ትስስሬ ተቋርጧል» የሚልበት መስኮት የለም። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ደግሞ ምትክ ቤት ቢያገኝም ባለይዞታ አይደለም። ከተከራዩ ላይ የተከራየው፣ ደባሉ፣ ከይዞታው ከእርሱም ይበልጥ ይርቃል። መሃል ከተማው ደግሞ የቀበሌ ቤትና የደባል ከተማ ነበር፤ ከ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ የተሠራው እንደዚያ ሆኖ ነው።

እድሩ በዚህ ጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው ንብረቱን ሸጦ፣ ገንዘቡን ተካፍሎ መበተን። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሰሃኑ ተቆጥሮ ይሸጣል፤ አባላት ድርሻቸውን ይዘው በየደረሱበት ሌላ እድር ይፈልጋሉ። በደረሱበት ያለው እድር ደግሞ ነባር አባላት ያፈሩት ንብረት ስላለው አዲስ ገቢውን ጠቀም ያለ መግቢያ ይጠይቃል፤ ይህም ያለ አግባብ አይደለም። የተካፈሉት ድርሻ መግቢያውን የማይሸፍንላቸው፣ በተለይ ጡረተኞችና ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊቶች፣ ያለ እድር ይቀራሉ። ያለ እድር መሞት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

ሁለተኛው ምርጫ ተበታትነውም ቢሆን መቀጠል ነው። መዋጮው በቴሌብር ይገባል፤ የሞት ዜናው ከጡሩምባ ወደ ስልክ መልእክት ይዛወራል፤ ድንኳኑ በአይሱዙ ይጫናል። ይህ መንገድ የሚቻል ነው፤ ግን ሦስት ነገሮች ይፈልጋል። ንብረቱን የሚያስቀምጡበት ቤት፣ የማጓጓዣ ገንዘብ፣ እንዲሁም ማን የት እንደገባ በትክክል የሚያውቅ ጸሐፊ። የድሮው የእድር ቤት በፈረሰው ሰፈር ውስጥ ስለነበር ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ይጎድላል። የመጀመሪያው ሲጎድል ሌሎቹ ሁለቱ ብዙም አይቆዩም።

ግብረ ሰናይ ድርጅት ጣልቃ መግባት ያለበት እዚህ ነጥብ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሰዎቹ ከተነሡ በኋላ «አዲስ ማኅበረሰብ ለመፍጠር» የሥነ ልቦና ሥልጠና ከመስጠት፣ ያለው ማኅበር እንዳይበተን አስቀድሞ መጋዘን መከራየት ዋጋውም ርካሽ፣ ውጤቱም የሚታይ ነው። መዝገቡን ይዞ የተነሣ እድር ካለ፣ ድርጅቱ ተጠቃሚዎቹን ፍለጋ ከወረዳ ወረዳ አይንከራተትም። የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ ማን መድኃኒት እንዳቆመ፣ ማን ወደ መሃል ከተማ ተመልሶ ጥግ እንደያዘ እድሩ ያውቃል።

ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ግን አለ፤ ሲያደንቁት አይነሣም እንጂ እድር ሁሉን አይይዝም። የወር መዋጮ የማይችል ከእድር ውጭ ነው። በየወሩ ቤት የሚቀይር ተከራይ ከእድር ውጭ ነው። ከክፍለ ሀገር መጥተው ፒያሳ ዙሪያ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች፣ የጎዳና ተዳዳሪዎች፣ በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ ሴቶች፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ ልጃገረዶች በእድር መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። በብዙ እድሮች መዝገቡ የሚይዘው አባወራውን ነው፤ በዳኝነትና በጸሐፊነት የሚቀመጡትም በአመዛኙ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። የሴቶች እድሮች መኖራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። «ከእድሩ ጋር ስለምንሠራ ከማኅበረሰቡ ጋር እንሠራለን» የሚል ድርጅት ከሁሉ ይበልጥ ድሃ የሆነውን በትህትና ከበር መልሶታል ማለት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሌላ አጋር ያስፈልጋል። የጀበና ቡና ሻጮች እቁብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ ጀማዓ፣ በየመስጊዱና በየደብሩ ዙሪያ ያሉ የበጎ ሥራ ኮሚቴዎች፣ ሊስትሮዎቹ ራሳቸው የሚቆጥቡበት ቡድን። በኒን መስጊድም ሆነ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ዓርብና እሑድ የሚሰበሰበውን ሰው የሚያውቀው ከወረዳው ይልቅ በሩ ላይ የሚቆመው አስተናባሪ ነው።

የወረዳው ነገርስ? ወረዳን ዘሎ መሥራት አይቻልም፤ ለመዝለል የሚሞክርም ብዙ አይርቅም። የፕሮጀክት ስምምነቱ በቢሮዎቹ በኩል ያልፋል፤ የድጋፍ ደብዳቤ ያለ ወረዳው አይገኝም፤ አዳራሹም የእርሱ ነው። ስህተቱ ወረዳውን ማኅበረሰብ አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። እድር ከቀበሌ የተለየ ሆኖ ለመኖር ብዙ ታግሏል። መሪዎቹ ለየዘመቻውና ለየመዋጮው በተጠሩ ቁጥር አባላቱ «ይህ እድር የማን ሆነ?» ማለት ይጀምራሉ። ግብረ ሰናይ ድርጅት ይህንን ጥርጣሬ ሊያባብስ አይገባውም። በሕጉም ቢሆን እድር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ አይተዳደርም፤ አዋጁ 1113/2011 እድርንና እቁብን ከራሱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል። ይህ ነፃነት ለእድሩ ጋሻው ነው። «እናጠናክራችሁ» ብሎ እንደ ድርጅት እንዲመዘገብ፣ ስትራቴጂክ ዕቅድ እንዲጽፍ፣ የቦርድ ሰብሳቢ እንዲመርጥ መገፋፋት ጋሻውን መንጠቅ ነው።

ከእድር ጋር በቁም ነገር የሚዋዋል ድርጅት ምን ያድርግ? ከዳኛው ጋር ብቻ አይፈራረም፤ ሐሳቡን በወርኃዊው ስብሰባ፣ መዋጮ በሚሰበሰብበት ሰዓት፣ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ያቅርብ። በዚያ ስብሰባ ትራንስፖርት አበል የለም፤ ሰው የሚመጣው ካልመጣ ስለሚቀጣ ነው። ስለዚህ የሚናገረውም በነፃነት ነው። በጀቱን ከነደመወዙ ያንብብላቸው። ይህን ስል ብዙ የፕሮግራም ኃላፊዎች ፊታቸው ሲቀየር ይታየኛል፤ የተሽከርካሪው ነዳጅ ከሕፃናቱ የትምህርት ቁሳቁስ ሲበልጥ በአደባባይ ማንበብ ያስጨንቃል። ማስጨነቁ ራሱ ጥቅም አለው፤ ሊነበብ የማያስደፍር በጀት ከመነበቡ በፊት ይስተካከላል።

የገንዘቡን አያያዝ በተመለከተ አንድ የማይታለፍ ወሰን አለ። የፕሮጀክት ገንዘብ ከቀብር ገንዘብ ጋር መቀላቀል የለበትም። የተለየ የባንክ ሒሳብ፣ የተለየ ደብተር፣ ቢቻል የተለዩ ፈራሚዎች ይኑሩት። የፕሮጀክቱ ሒሳብ ቢጓደል ድርጅቱ ኦዲተር ልኮ ያጣራል። የቀብሩ ሒሳብ ተነካ የሚል ወሬ ከወጣ ግን እድሩ ያበቃለታል፤ እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አያጣራም። የአባላት መዝገብም እንዲሁ ነው። እድሩ ዝርዝሩን ተመልክቶ «እነዚህ ቤተሰቦች ተቸግረዋል» ብሎ ይንገር እንጂ መዝገቡ ፎቶ ተነሥቶ በድርጅቱ ኮምፒውተር ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ማን በምን በሽታ እንደሞተ፣ ማን መዋጮ እንዳልከፈለ የተጻፈበት ደብተር ነው።

እምቢ የማለት መብትም በስምምነቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። «ይህ ሥራ ለእኛ አይሆንም» ያለ እድር ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ከዝርዝር እንደማይሰረዝ ካላወቀ ሁልጊዜም «ጥሩ ነው፤ በርቱ» ይላል። ከዚህ ጋር አንድ አዲስ አንቀጽ ለመሃል አዲስ አበባ ግድ ሆኗል፤ አባላቱ በልማት ምክንያት ከተነሡ ስምምነቱ አባላቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ በጀቱም ወደ አዲሱ ክፍለ ከተማ የሚዛወርበት መንገድ ከወዲሁ ከቢሮዎቹ ጋር ይፈረማል። ቢሮዎቹ ለዚህ እንግዳ አይደሉም፤ ሰዎቹን የሚያዛውረው መንግሥት ፕሮጀክታቸውን የማያዛውርበት ምክንያት የለም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሰው ሁሉ ጨርሶ ከመሃል አለመውጣቱ ነው። ዳር የገባችው እናት ማለዳ በታክሲ ሰልፍ ተሰልፋ ወደ መሃል ትመለሳለች። ቡና የምትሸጠው፣ ጽዳት የምትሠራው፣ ልብስ የምታጥበው ደንበኞቿ ያሉበት ነው። ልጇ ግን እዚያ ዳር ተመዝግቧል። የሕፃናት ማቆያው የት ይከፈት? ድርጅቱ ገላን ጉራ ቢከፍት እናቲቱ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፤ መሃል ቢከፍት ሕፃኑ በታክሲ ሁለት ጊዜ ይጋፋል። ይህን ከቢሮ ሆኖ የሚመልስ የለም፤ በሁለቱም ቦታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጦ የሚነጋገር ሠራተኛ ያስፈልጋል። ምናልባት ሴቶቹ ራሳቸው በተራ የሚጠብቁበት ቤት ሊመርጡ ይችላሉ፤ ምናልባትም ጥያቄያቸው ማቆያ ሳይሆን የማለዳ አውቶቡስ ሊሆን ይችላል። ያኔ ድርጅቱ ሕንፃ መሥራቱን ትቶ ከትራንስፖርት ቢሮ ጋር መነጋገር ይኖርበታል፤ ለባነር የሚሆን ፎቶ ግን አይገኝበትም።

በመሃል የቀሩትም አሉ። ከኮሪደሩ መብራትና የእግረኛ መንገድ ጀርባ፣ በቂርቆስም በተክለ ሃይማኖትም፣ የቀበሌ ቤቶች አሁንም አሉ። «መቼ ይሆን ተራችን?» እያለ የሚኖር ሰፈር ስለ ሦስት ዓመት ዕቅድ ሲጠየቅ ዝም ቢል ፍላጎት የለውም ማለት አይደለም። ከእነዚህ እድሮች ጋር ዛሬ የሚፈረም ስምምነት የመነሣት አንቀጹን ካልያዘ ገና ሳይጀመር አርጅቷል።

የመጋዘን ኪራይ፣ የአይሱዙ ጭነት፣ ለጸሐፊው የስልክ ካርድ፣ መግቢያ ላጡ አሮጊቶች ከእድሩ ጋር በእኩል የሚሸፈን ገንዘብ። እነዚህ በለጋሹ የሪፖርት ቅጽ ላይ የሚገቡበት ረድፍ የላቸውም፤ «የደረስናቸው ሰዎች ብዛት» በሚለው ሥርም በቀላሉ አይቆጠሩም። ረድፉን ማስጨመር የፕሮግራም ኃላፊው ሥራ ነው። ጊዜው ደግሞ የቀጣዩ ዓመት በጀት ከመጽደቁ በፊት ነው፤ ከጸደቀ በኋላ አንድ የወጪ ርዕስ ለማዛወር ስንት ደብዳቤ እንደሚፈልግ በሙያው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።